የእትዬ በቃኝ ድርሻ

አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሁለቱን ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው ሁለቱን፤ ወጠር አድርገው ያራግፉትና አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል። ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ እጅ ለእጅ ይነካካሉ፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። እኛ ሆስፒታል እጥበት ክፍል በቀን አራት መቶ አንሶላ ይታጠፋል። እኔና እትዬ በቃኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ስንገናኝና ስንለያይ ኖርን። የባለቤቴን ፊት እንኳ የሳቸውን ያህል ያየሁት አይመስለኝም።

በቃኝ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ያወጣላቸው ሹፌሩ ነው። እሱም ቢሆን ሹፌር አይደለም፤ የቆሸሸ ልብስ ጋሪ ነው የሚገፋው። ኮሪደሩ ላይ ሲታጠፍ በአፉ ጥሩምባ ስለሚነፋ ስሙ በዚያው ቀረ። እትዬ ጠዋት ሲገቡ፣ ገና ጋውናቸውን ሳይቆልፉ፣ "እኔስ በቃኝ" ይላሉ። ደረጃው በቃኝ፣ እንፋሎቱ በቃኝ፣ ጉልበቴ በቃኝ፣ ይሄ የሚርገበገብ አምፖል በቃኝ። ሲመሽ "በሉ ደህና እደሩ" ብለው ይሄዱና በማግስቱ ከሁላችን ቀድመው ይገኛሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት የቀሩት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ባለቤታቸውን የቀበሩ ጊዜ። በአራተኛው ቀን መጥተው የመጀመሪያውን አንሶላ ይዘው ቆሙና፣ "አልቅሼም በቃኝ፤ ያዢ እንጂ" አሉኝ።

እኔ ብዙ አላወራም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ የሆዱን ይዞ ወደኔ ይመጣል። እትዬ፣ "አንቺን ሲፈጥርሽ ጆሮ ሊሠራ ተነስቶ ነው፤ ጭቃው ሲተርፈው ሰው አደረገሽ" ይሉኝ ነበር። እስቃለሁ። ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር። በሰው ፊት ቆሜ መስበክ አልችል፣ የምሰጠው ብዙ ነገር የለኝ፤ ቢያንስ መስማት ተሰጥቶኛል፣ ፈጣሪም ይህቺን ከኔ ይቀበላታል እል ነበር። አሁን ሳስበው ልቤ መታበይ የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

በየዓመቱ በዓል ሲደርስ እጥበት ክፍሉ ብስኩት ይለዋወጣል። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ደንቡ ቀላል ነው። ስምንት ሰዎች ነን። እያንዳንዳችን አንድ ዓይነት ብስኩት እንጋግራለን፤ ለአንድ ሰው አሥራ ሁለት፣ የራስን ጨምሮ ዘጠና ስድስት። በበዓሉ ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ፣ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ስምንት ካርቶን ይደረደራል፤ ሁሉም እየዞረ በየካርቶኑ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ያስቀምጣል። ወደ ቤት ስንሄድ ሁላችንም ስምንት ዓይነት ይዘን ነው የምንሄደው። እንግዳ ሲመጣም ይህ የማን ነው፣ ይህስ የማን እያልን እናቀርባለን።

ዘጠነኛ ሰው ለማስገባት ተሞክሮ ያውቃል። አለቃችን አይሆንም አሉ። ዘጠኝ ከሆንን አንድ መቶ ስምንት መጋገር ነው፣ የማን ምድጃ ይችለዋል፣ ጠረጴዛውስ ከስምንት ካርቶን በላይ መቼ ይይዛል ብለው ዘጉት። አለቃችን ዝምተኛ ናቸው፤ ከተናገሩ ግን አለቀ። እንዲህ ሆኖ ስምንት እንደሆንን ቀረን።

የእትዬ በቃኝ ብስኩት የብርቱካን ነው። ከበዓሉ አንድ ወር ተኩል አስቀድመው የብርቱካን ልጣጭ እያመጡ ትልቁ ማድረቂያ ማሽን አናት ላይ፣ ንጹህ የትራስ ልብስ አንጥፈው ያሰጡታል። ልጣጩ በማሽኑ ሙቀት ቀስ ብሎ ይደርቃል። ያን ሰሞን ክፍሉ ከሳሙናና ከበረኪና ሌላ የሚሸተው ነገር ያገኛል፤ ከላይ ከሕሙማን ክፍል የሚወርዱ ነርሶች በር ላይ ቆመው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ልጣጩ ሲደርቅ በጥርስ የሚሰበር ይሆናል፤ እቤታቸው ወስደው ከስኳር ጋር ይወቅጡታል።

ልጣጩ እየደረቀም እሳቸው ማማረራቸውን አያቆሙም። ዘንድሮስ በቃኝ፣ እጄ ሊጥ ማሸት አልቻለም፣ ዘጠና ስድስት ብስኩት ማለት ቀልድ ነው እንዴ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሹፌሩ ይሄን ጊዜ ነው የሚጠብቀው። ጋሪውን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ ይንበረከካል፣ የጋውናቸውን ጫፍ ይይዛል። ያለ እርስዎ ብስኩት በዓሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሚስቴ አታስገባኝም፣ ልጆቼ አባት የለንም ይላሉ ይላቸዋል። እሳቸው፣ "ተነስ፣ ወለሉን ታቆሽሻለህ" ይሉታል። ሌሎቹም በየተራ ይለምናሉ። ልመናው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በመጨረሻ እትዬ፣ ለናንተ ብዬ አይደለም፣ ልጣጩ እንዳይባክን ነው ብለው እሺ ይላሉ። እሺ ሲሉ ልጣጩ ደርቆ ተወቅጦ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል።

እኔ ብቻ ለምኛቸው አላውቅም። አንዲት አሮጊት ደከመኝ ስትል ሰው እንዴት ይስቃል እል ነበር። ሌሎቹ አይሰሟቸውም፣ የምሰማቸው እኔ ነኝ ብዬ በልቤ እቆጥር ነበር።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ እትዬ ጡረታ ወጡ። ኬክ ቆረስን፣ ሹፌሩ ጋሪው ላይ አስቀምጦ ኮሪደሩን አንዴ አዞራቸው፣ እየጮሁ ሰደቡት። ከዚያ በኋላ አንሶላ የማጥፈው ከልብስ ጠጋኟ ጋር ሆነ። ልብስ ጠጋኟ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የተቀደደ አንሶላና የሐኪም ጋውን ትጠግናለች፤ ምሳዋን ስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ብቻዋን ነው የምትበላው። ዝም ያለች፣ ጨዋ ሴት ናት። አንድ ቀን አንሶላ ይዘን ስንቀራረብ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ ለብስኩቱ ሰው ብትፈልጉ እኔ የለውዝ ብስኩት አውቃለሁ አለችኝ። አለችና ወዲያው ራቀች፤ አንሶላው እኩል መታጠፍ ስላለበት ሳይሆን አፍራ ነው።

ባለፉት ሁለት በዓላት እኛ ካርቶናችንን ስንሞላ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፍ ስትተክል ነበር።

በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው እትዬን ልጠይቅ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ። በር ሲከፍቱልኝ ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ። ቤት መዋል በቃኝ፣ ይሄ ሬዲዮ በቃኝ፣ ጎረቤቴ በሯን ስታላጋ ልቤ ይወልቃል። ከዚያ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። መገጣጠሚያው አብጧል። "ያንን ብስኩትም ዘንድሮ በቃኝ። ይቺ እጅ ሊጥ አታሽም። ሌላ ሰው ፈልጉ በያቸው" አሉኝ።

ጣቶቹን ያዝኩ። ብቻቸውን ናቸው፤ የሚንበረከክ ሹፌር የለም፣ የሚስቅ የለም። ይሄኔ ነው እውነቱን የተናገሩት አልኩ። ስለዚህ አልለመንኩም። "ይረፉ እትዬ፣ አሁን የማረፊያዎ ጊዜ ነው፤ እኛ እናመጣልዎታለን" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ስለ ጎረቤታቸው በር ማውራት ቀጠሉ።

ያን ዝምታ ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። የተረጋጉ፣ ሸክም የወረደላቸው መስሎኝ ነው።

በማግስቱ ለክፍሉ ሰው ተናገርኩ። ሹፌሩ አላመነኝም። እትዬማ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉት፣ እኔ ራሴ ሄጄ እንበረከካለሁ አለ። ተቆጣሁት። በዕድሜዬ ሰው ተቆጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን፣ ጣታቸውን አይተሃል ወይ፣ ለሆድህ ስትል አሮጊት ታሠቃያለህ አልኩት። ፊቱ ቀላ። እኔ የማልቆጣው ሰው ስቆጣ ሁሉም አመነኝ፤ አለቃችንም እሷ ካለች እውነት ነው አሉ። ልጣጭ የሚሰጣበት ጊዜ ደርሶም ማድረቂያው አናት ላይ ምንም አልነበረም። ቦታው ለልብስ ጠጋኟ ተሰጠ። ስነግራት መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች። ያን ዕለት ስጸልይ፣ በአንድ ቃል ሁለት ሰው አሳረፍኩ ብዬ አመሰገንኩ።

ዋዜማው ደረሰ። ስምንት ካርቶን ተደረደረ፣ ዞርን፣ ሞላን። የልብስ ጠጋኟ የለውዝ ብስኩት እንደ ቁልፍ ክብ፣ እኩል በእኩል ነበር፤ ሹፌሩ እንኳ አንዱን ቀምሶ፣ "ይሄስ ያስማማል" አለ። ለእትዬ ከየሰዉ ሁለት ሁለት ለቅመን አንድ ትንሽ ካርቶን ሞላን። አደርሳለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሕንፃው ደረስኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የብርቱካን ሽታ ተቀበለኝ። የሌላ ቤት ነው አልኩ። አራተኛው ላይ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር።

እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ጫማ አድርገዋል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ስምንት የወረቀት ጥቅል በነጭ ክር ታስሮ ተደርድሯል። መስኮቱ ሥር፣ የቤት ማሞቂያው ላይ፣ የተረፈ ልጣጭ ተሰጥቷል። ቤታቸው ማድረቂያ ማሽን ስለሌለ በዚያች ማሞቂያ ስንት ሳምንት እንደፈጀባቸው እንጃ።

"ብቻሽን መጣሽ እንዴ?" አሉኝ። "እኔ ያ ቀልደኛ ጋሪውን እየገፋ ይመጣል ብዬ ጫማ አድርጌ ተቀምጫለሁ።"

የያዝኩትን ካርቶን የት እንደማስቀምጠው አጣሁ። እሳቸው ተቀበሉኝ፤ የልውውጡ ድርሻቸው መስሏቸው ፈገግ እያሉ ከፈቱት። አንድ በአንድ እያነሱ ያውቁታል፤ ይሄ የአለቃ፣ ይሄ የካውያ ሠራተኛዋ፣ ይሄ ያንቺ፣ ዘንድሮም አሳረርሽው። የለውዙን ሲያነሱ እጃቸው ቆመ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የልብስ ጠጋኟ።"

"እሷም ገባች? ጎሽ። ዘጠኝ ሆንን በዪኛ።"

እሳቸው ወደ ካርቶኑ ተመለከቱ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ከየዓይነቱ ስንት እንዳለ እየቆጠሩ ነው፤ አሥራ ሁለት ሳይሆን ሁለት ሁለት። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ከዚያ የለውዙን ብስኩት ቦታው መልሰው ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙ።

"በቃኝ ብለውኝ ነበር እኮ፣ እትዬ" አልኩ። ድምፄ የልጅ ሆነ።

"በቃኝ ያላልኩት መቼ ነው?" አሉኝ።

አልጮሁም። እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፤ በእርግጥ ማወቅ የፈለጉ ይመስል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሙሉ ፈለግኩ፣ አንድም ቀን አላገኘሁም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና መለመን ጀመርኩ። አሁኑኑ እወስደዋለሁ፣ ሹፌሩን እጠራለሁ፣ ሰዎቹ ገና ከክፍሉ አልወጡም፣ ዘጠኝ እንሆናለን፣ ጠረጴዛው ባይበቃ መሬት ላይ እናስቀምጣለን አልኩ። ከዚያን ቀን በፊት ለምኛቸው የማላውቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመንኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"ያቺ ልጅ የመጀመሪያዋ ነው" አሉ። "እኔ ዛሬ ጥቅሌን ይዤ ብገባ፣ የሰው ቦታ ላይ ነው የተቀመጥኩት ትላለች። ብስኩቷ ጥሩ ነው። ተያት።"

ከዚያ ብድግ አሉና ሰባቱን ጥቅል ወደኔ ገፉት። ስምንተኛው የራሳቸው ነው። ብስኩት ከዋለ ይደርቃል፣ ያዢልኝ፣ ለሕንፃው ሰው እናድለው አሉኝ።

አደልን። እኔ ጥቅሉን ታቅፌ፣ እሳቸው ከፊቴ እየወረዱ፣ ሰባት በር አንኳኳን። በሯን የምታላጋዋ ጎረቤት ጥቅሉን ስትቀበል ደረቷን ያዘች፤ እዚህ ሕንፃ ስድስት ዓመት ስኖር አንድ ነገር የሰጠኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት አለች። አንዱ ሽማግሌ እዚያው በሩ ላይ ክሩን ፈቶ በላ። ሁሉም ይመርቃሉ፣ እትዬም አሜን ይላሉ። እያንዳንዱ ጥቅል ላይ በእርሳስ ምልክት ነበረበት፤ ለአለቃ መነጽር፣ ለሹፌሩ ጎማ። አንዱ ላይ ጆሮ ተስሎ ነበር። እሱን ምድር ቤት ላለችው ባለ ሱቅ ሰጠሁ፤ በገዛ እጄ።

አራት ፎቅ ወርደን አራት ፎቅ ስንወጣ እትዬ ስለ ደረጃው ምንም አላሉም። አንድም ቃል። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ለክፍሉ ሰው ሁሉንም ነገርኩ። ልብስ ጠጋኟ ብቻ እንዳትሰማ አደረግሁ። ሹፌሩ ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ጋሪውን ገፋ፣ ጥሩምባውን ግን አልነፋም። ንስሐ ገባሁ። ክፋት አልነበረብሽም ተባልኩ። እሱን እኔም አውቃለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፤ ሌሎቹ እየሳቁ፣ እየቀለዱ፣ ሳያስቡት ሰምተዋቸው ነበር። እትዬ በየዓመቱ ይፈልጉኛል ወይ እያሉ ነበር የሚጠይቁት። መልሱን የሚያውቁት ሁሉም ናቸው፣ ከኔ በቀር።

ዘንድሮ በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው ዘጠኝ እንሁን ብዬ አለቃችን ፊት ቆምኩ። ትንሽ አሰቡና፣ የጠረጴዛው ጎን ላይ አንድ ጋሪ እናስጠጋለን አሉ። ይኸው ነው። አንድ ጋሪ ማስጠጋት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። የሦስት ሳምንት ልመና አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሹፌሩም እምቢ ካሉ ደረጃው ላይ እንበረከካለሁ ብሎኛል። እትዬ በደንብ ተቀበሉኝ፣ ወንበር ጠረጉልኝ። ዘጠኝ ሆነናል፣ የእርስዎ ድርሻ ክፍት ነው ስላቸው፣ "እሺ። ስላሰባችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። በቃ። በአንድ ቃል። የተዘጋጀሁበት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ዋዜማው ዕለት ሹፌሩ ጋሪውን እስከ ሕንፃው በር ገፍቶ ሄዶ የእትዬን ብስኩት አመጣ። አንድ መቶ ስምንት፣ አንድም ያልተሰበረ። ልብስ ጠጋኟ የብርቱካኑን ቀምሳ እንዴት ነው ልጣጩን የሚያደርቁት እያለች ጠየቀች። ሁሉም ደስ አለው። ሹፌሩ፣ አየሽ፣ ታረቁን አለኝ። እኔም አዎ አልኩት።

እሑድ እሑድ አሁንም እሄዳለሁ። አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እጠይቃለሁ። ጎረቤትዎስ? ደህና ናት። ሬዲዮውስ? ደህና ይሠራል። ቤት መዋሉስ? ለመድኩት። ባለፈው እሑድ ጉልበትዎስ አልኳቸው። "ደህና ነው፣ ተመስገን" አሉኝ። ውሃ ሊያመጡልኝ ተነሱ፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የተነሱት። ላግዝዎት ብዬ ብድግ አልኩ።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "ምንም አላልኩም።"